ሁለቱ ሊናዎች

አውቶቡሱ ከቤይሩቱ ዶራ አደባባይ ሲነሳ መስታወት ገብሩ በመጨረሻው ወንበር ጥግ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሾፌሩ በሩን ሳይዘጋ ነዳው። ጎኑ በጦርነቱ ዘመን በጥይት የተበሳሳ፣ ቀዳዳው በቆርቆሮ የተጣፈ አሮጌ አውቶቡስ ነው፤ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጣፎቹ ይንቀጫቀጫሉ። ቀኑ እሑድ፣ ነሐሴ ዐሥር 1990 ዓ.ም.፣ ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሃያ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተሳፍረዋል። ገና ከድልድዩ ሳይወርዱ መዝሙር ጀመሩ።

መስታወት አልዘመረችም። አፏ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ድንጋይ ከረሜላ ስትመጥጣቸው የኖረቻቸው ሁለት የዐረብኛ ቃላት፦ «ሃይዴ ሊና።» ሊና ይቺ ናት ማለት ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኻልዴ ባሕር ዳር፣ ሁለቱን ቃላት ትተፋቸዋለች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይወስዳት ይሆናል።

አጠገቧ የተቀመጠችው እሙሽ ዘይትና ዛዕተር የተቀባ ትኩስ ቂጣ ከወረቀት አውጥታ ገመሰችላት።

«ብዪ። ቅጠልና ዘይት ብቻ ነው፤ ፍልሰታሽን አይሽርብሽም።»

«አልራበኝም።»

«ጾም ይዘሽ ነው ወይስ ኩርፊያ? ያኒ፣ ማለቴ፣ ፊትሽ ሁለቱንም ይመስላል።»

እሙሽ ዶራ ላይ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ናት። መስታወት ከእስር በወጣች ሰሞን ራሷን በሙቅ ውሃ አጥባ ቅማሏን የለቀመችላት፣ የራሷን አልጋ ለቃ ወለል ላይ የተኛችላት እሷ ነበረች። ጴንጤ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። መስታወት «እስቲ ጥምቀታችሁን ልየው» ያለቻት ቀን እሙሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ጉባኤውም ሰምቶ አመሰገነ። ዛሬ አውቶቡሱ ላይ የወጣ ሁሉ መስታወትን እየሳመ «ተባረኪ» ያላት ለዚህ ነው። ማተቧን ያየች አንዲት ልጅ ብቻ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ ሳቀች።

የሐሙስን ነገር ግን እሙሽም ሌላ ሰውም አያውቅም። ሐሙስ ዕለት መስታወት ዶራ ካለው ሰንትራል፣ ከስልክ ቤቱ ማለት ነው፣ አንድ ቁጥር አስደወለች። ራውሼ ያለ ቤት ነው። ማዳሟ ስታነሳ፣ ስሟን ሳትናገር፣ ስትለማመደው የከረመችውን ዐረብኛ አወረደችው፤ የአሮጊቷን የተይታን የወርቅ አምባር የወሰደችው ሊና ያኔ የታሰረችው አይደለችም፤ ሌላዋ ናት፤ እሑድ ጠዋት ኻልዴ፣ ከሸክላ ማሰሮ መሸጫው ጀርባ፣ ባሕር ዳር ትገኛለች። ማዳሟም የአጎቷ ልጅ ደረክ መሆኑን፣ ባለመለዮ ፖሊስ መሆኑን፣ እሱን ይዛው እንደምትመጣ ተናገረች። ስልኩ ሲዘጋ መስታወት የሂሳቧን መልስ ሳትቀበል ወጣች። ደስታ ነው ብላ አሰበች።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይል ነበር አባቷ፤ በጾም ወቅት ሁለት ጎረቤቶች የተኳረፉ እንደሆነ። አቶ ገብሩ ዐርባ ዓመት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በጠፍር ታስሮ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሲተኛ እንኳ በደረቱ ላይ ይቀዘቅዛል። መስታወት ልጅ ሳለች ሲያቅፋት ያ ብረት ጉንጯን ይነካት ነበር።

አሁን ያ አባት በቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ በአንድ ካሴት ፊት ላይ።

* * *

የኤርፖርቱ መንገድ በሥራ ተዘግቶ ስለነበር ሾፌሩ በባሕሩ ዳር ዞረ። ራውሼ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ፣ ውሾች የሚያንሸራሽሩ ሴቶች በእግረኛው መንገድ ተሰልፈዋል። መስታወት ሳትፈልግ ዐይኗ ወደ ግራ ሄደ። ሕንፃው እዚያው ነው። ስድስት ፎቅ፣ አረንጓዴ የበረንዳ መጋረጃ።

በዚያ ሕንፃ ሁለት ወንድማማቾች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር፤ ታላቁ አራተኛው ላይ፣ ታናሹ አምስተኛው ላይ። እናታቸው ተይታ ከታላቁ ጋር ናቸው። በድሮ ዘመን ሊና የምትባል ሠራተኛ ነበረቻቸውና፣ ከዚያ ወዲህ የመጣችውን ሁሉ ሊና ይሉ ነበር፤ አዲስ ስም መማር ሰልችቷቸው። አራተኛው ላይ የምትሠራው የሺ አባመጫ ሊና ታሕት ሆነች፤ የታችዋ። አምስተኛው ላይ የመጣችው መስታወት ሊና ፎቅ፤ የላይዋ። ተይታ የተራራ ሰው ስለነበሩ፣ የከተማው ሰው የሚውጣትን «ቅ» ጥርት አድርገው «ፎቅ» ይሏታል፤ መስታወትም በመጣች ሳምንት አሮጊቷ አማርኛ የሚችሉ መስሏት አንድ ቀን ሙሉ በአማርኛ ስታጫውታቸው ዋለች። የሺ ይህን ሰምታ እስክትወድቅ ሳቀች። በደህናው ጊዜ እንዲህ ነበሩ። በረንዳ ለበረንዳ ሆነው፣ ልብስ እያሰጡ፣ አንዷ ወደ ላይ አንዷ ወደ ታች እያየች ያወሩ ነበር።

ከዚያ በ1987 ግንቦት ላይ የተይታ አምባር ጠፋ። ተይታ ዐይናቸው ደክሟል፤ ሊና መሳቢያውን ስትከፍት አይቻለሁ ከማለት በቀር አልጨመሩም። ደረኩ ሲመጣ ሁለቱ ሊናዎች ደረጃ እያጠቡ ነበር፤ የሺ ቆማ በመጥረጊያ ውሃውን ትገፋለች፣ መስታወት ከታች ተንበርክካ በጨርቅ ታደርቃለች። ደረኩ «ሊና ማናት?» ብሎ ጠየቀ። የሺ መጥረጊያውን አነሣች፣ ወደ መስታወት ቀሰረችው፣ «ሃይዴ ሊና» አለች።

ሐሰት አልነበረም። በቀል ሲያንገበግባት መስታወትን ከሁሉ ይበልጥ የሚያቃጥላት ይህ ነው፤ የሺ ያን ቀን አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረችም። መስታወትም ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ የምታውቀው ዐረብኛ ከዐሥር ቃል አይበልጥም። ሊና ሲሏት «አቤት» ማለትን ግን በሚገባ ተምራለች። ስለዚህ ከውሃው ተነሥታ፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ «አይዋ፣ አና ሊና» አለች። አዎ፣ ሊና እኔ ነኝ። ፈገግ ብላ ታሰረች።

ዐሥራ አንድ ወር። በዐሥራ አንዱ ወር ማንም አልጠየቃትም። ስትወጣ፣ ከአገር የመጣ ካሴት አንዲት ሴት ዘንድ ይጠብቃት ነበር። የአባቷ ድምፅ ነው፤ በሰው ቴፕ ፊት ማውራት አፍሮ፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ደላላው ወሬውን አድርሶለታል። «ቁልፉን ለአለቃው መልሻለሁ» ይላል። «ሌባ የወለደ ሰው የታቦት ዕቃ አይጠብቅም። ከአንገቴ ሳወጣው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቆየኝ።» ከዚያ ዝምታ አለ፤ ከዝምታው ውስጥ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ያልቃል። ሁለተኛው ፊት ባዶ ነው። ካሴቱን ያስቀመጠችላት ሴት፣ አባቷ ከዐርባ ቀን በፊት መቀበሩን በዚያው ነገረቻት።

ሕንፃው ከኋላ ቀረ። መስታወት የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠመዘዘች፤ ጣቷ እስኪነጣ።

* * *

ኻልዴ መግቢያ ላይ ሐጂዝ ነበር፤ ወታደሮች መኪና የሚያስቆሙበት። አውቶቡሱ ሲቆም መዝሙሩ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ሃያ ሦስት ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት አዩ፤ እሙሽ አፏ ውስጥ ያለውን ቂጣ አላላመጠችም። ግማሾቹ፣ እሙሽም መስታወትም ጭምር፣ ከአሠሪ ቤት ከወጡ ወዲህ ወረቀት የላቸውም። ፊት ለፊት የተቀመጡት እትዬ አበባየሁ በመስኮቱ ብቅ ብለው ወታደሩን በእሳቸው ዐረብኛ አናገሩት። ጦርነቱ ሳያልቅ ቤይሩት የገቡ፣ የማያፍሩ፣ ግስ የማይቆጥሩ ሴት ናቸው። ጸሎት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እግዚአብሔር ያሳድግህ፤ ይኸው ነበር ንግግራቸው። ወታደሩ ሳቀና በእጁ አሳለፋቸው።

መስታወት ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ደረኩ የሚመጣው ለአንዲት ሴት ነው፤ ባሕር ዳር የሚያገኘው ግን ሃያ ሦስት ነው። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል። ወደ እሙሽ አየች፤ እሙሽ የቂጣዋን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ እየለቀመች ነበር። ከአውቶቡሱ መውረድ፣ ነገሩን መናገር፣ ሁሉም ይቻል ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን በቁልፍ ጠባሳ የኖረ አንድ ደረት ትዝ አላት። አፏን ዘጋች።

ከሸክላ መሸጫው ጀርባ በአሸዋው ቁልቁለት ወረዱ። አውሮፕላን ሆዱን ሊያስነካቸው እስኪመስል ዝቅ ብሎ አለፈ። የሚጠመቁት አምስት ነበሩ፤ ነጭ ቀሚሳቸው ከአልጋ አንሶላ የተሰፋ ነው፤ የአንዷ ደረት ላይ የማዳሟ ስም መነሻ ፊደል በጥልፍ እንዳለ ቀርቷል። አራቱ በአውቶቡሱ መጡ። አምስተኛዋ በእግሯ መጣች፤ ኻልዴ ነው የምትሠራው። ፀጉሯ አጭር፣ አንገቷ ቀጭን፣ በእጇ አንድ ሰማያዊ ፌስታል። የሺ።

እሙሽ የተጠማቂዎቹን ስም ስትቆጥር መስታወት የሰማችው ያ ስም ይኸው በአካል ቆመ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አወረደችው።

ወንጌላዊ ጌታነህ ቴፑን በጀሪካን ላይ አስቀምጦ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። እሑድ በር ለሚቆለፍባቸው እህቶች ምስክርነቱ በካሴት ይላካል፤ ልማዳቸው ነው። አራቱ ተራ በተራ ተናገሩ፤ አንዷ ከመጠጥ፣ አንዷ ከሰው ባል፣ አንዷ ከጠንቋይ ቤት፣ አንዷ እንባ ስላሸነፋት ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። አምስተኛዋ የሺ ነበረች። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከአሸዋው ላይ ዐይኗን ሳታነሣ፣ አምባር እንደ ሰረቀች ተናገረች። የሠርጓን ቀን በዓይነ ኅሊናዋ እያየች አንድ ሌሊት በክንዷ አጥልቃ ተኛች፤ ጠዋት ደረክ መጣ፤ እሷ ጣቷን ወደ ሌላ ሰው ቀሰረች። «አንዲት እህት በእኔ ፈንታ ታሰረች» አለች። ከዚያ ወዲያ አምባሩን አልሸጠችውም፣ አላደረገችውም፤ ትራስ ውስጥ ሰፍታው ሦስት ዓመት ተኛችበት። አሁን ፌስታሉ ውስጥ አለ፤ ነገ ወስዳ ለባለቤቱ ትሰጣለች። «ሊና ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሊና እዚህ ውሃ ውስጥ ትሞታለች።»

«ሃሌ ሉያ» አሉ። አጨበጨቡ። እትዬ አበባየሁ እልል አሉ።

ጭብጨባው ነው መስታወትን ያስነሣት። ዐሥራ አንድ ወር ሲሚንቶ ላይ የተኛችው እሷ ናት፤ እልልታው ለሌላ። እስሯን እንኳ የሺ ሰርቃ ለምስክርነት አዋለችው።

«ስም የላትም?» አለች።

ጭብጨባው ቆመ።

«እህት ያልሻት። ስም የላትም ወይ?»

የሺ ቀና አለች። ነጠላው ወርዷል። ሁለቱ ተያዩ፤ የሺ እንደ ታመመ ሰው ከንፈሯ ደረቀ።

«መስታወት» አለች።

«ፈልገሽኛል?»

ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ይል ነበር፤ ሁሉም አዎ እንድትል ጠበቀ።

«አልፈለግሁሽም» አለች የሺ። «እንዳላገኝሽ ነበር የምጸልየው።»

ተንበረከከች። ይቅርታ የሚለው ቃል ግማሹ ሳይወጣ መስታወት አቋረጠቻት።

«ይቅርታሽን ፈልጌ አልመጣሁም። አባቴ ሌባ እንደ ወለደ አምኖ ሞቷል፤ ይቅርታሽ ለሱ አይደርሰውም። እኔ የመጣሁት ላስይዝሽ ነው። የራውሼዋ ማዳምሽ በሦስት ሰዓት እዚህ ትደርሳለች፤ ደረክ ይዛ።»

ይህን ስትናገር ሊኖራት የሚገባውን ደስታ ጠበቀች። ከዚያ ይልቅ ከጎኗ ዝግ ያለ ድምፅ ሰማች።

«እኔስ፣ መስቲ?»

እሙሽ ናት። አልጮኸችም፤ ሰው አድራሻ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው። እሙሽ ትንሽ ጠበቀች፣ ጫማዋን አነሣች፣ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ መኪናው መንገድ ወጣች።

ጌታነህ ወረቀት የሌላችሁ ሁሉ አውቶቡሱ ውስጥ ግቡ አለ። ዐሥራ አራት ሴቶች ሳይሮጡ፣ ሳያወሩ ሄዱ። ሊጠመቁ የለበሱት ሁለቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አብረው ወጡ። የሺንም ሂጂ አላት፤ ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ሌላ እሑድ አለ አላት።

«ሮጬ ካመለጥሁ፣ ሌላ እሑድ የምትጠመቀው ማን ልትሆን ነው?» አለች የሺ። ተነሥታ ፌስታሏን አሸዋው ላይ አስቀመጠች። «ቶሎ በል፣ ወንድም ጌታነህ።»

* * *

ወገባቸው ድረስ ገብተው ነበር፣ ደረኩ በቁልቁለቱ ሲወርድ። ሆዱ የወጣ፣ ክንዱ ላይ ሁለት መስመር ማዕረግ የተሰፋበት ሰው ነው፤ እሑዱን ስለ ተነጠቀ ተቆጥቷል። ከፊቱ ያገኛቸው እትዬ አበባየሁን ነበር።

«ዌን ሊና?» አለ። ሊና የት አለች?

እትዬ አበባየሁ ስድስት ሳምንት ሙሉ የጥምቀት ትምህርት ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሮጌው ሰው በውሃ ይቀበራል፣ አዲሱ ይነሣል፤ ከዚህ ሌላ ነገር በልባቸው አልነበረም። ደግሞ ማታለል አይችሉም። ስለዚህ ፊታቸው በርቶ፣ እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዘርግተው፣ በገዛ ዐረብኛቸው እውነቱን ነገሩት።

«ሊና ማተት። ቢል ባሕር።»

ሊና ሞታለች። ባሕር ውስጥ።

ደረኩ ወደ ባሕሩ ዞረ። ልክ በዚያች ቅጽበት ጌታነህ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብሎ የሺን ወደ ኋላ አጋድሟት ስለነበር፣ ደረኩ ያየው ከውሃ በታች የሚንሳፈፍ ነጭ ጨርቅና አንድ ወንድ የሴት ራስ ሲደፍቅ ነው። ኮፍያውን ጣለ። ከነቦት ጫማው እየጮኸ ገባ፤ ማዕበል አፉን ሞላው፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ የጌታነህን አንገት ያዘ። የሺ በዚያው ጊዜ ከውሃው ወጥታ፣ ዐይኗን እየጠረገች፣ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች።

ደረኩ ተነፈሰ። ወደ አሸዋው ሲጎትታቸው ይቺ ሊና ናት ወይ አለ። እትዬ አበባየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቺማ የሺ ናት፤ ሊና ሞታለች አልኩህ እኮ አሉት። ደረኩ እንደገና ወደ ባሕሩ አየ፤ ፊቱ ገረጣ። ሌላ አለች ማለት ነው? ሁለት ነበሩ?

መስታወት የሁሉንም ነገር አካሄድ በግልጽ አየችው። የሺ ዝም ካለች ነፃ ናት። ደረኩ የሞተች ሊና ሲፈልግ ይውላል፤ ይቺ የረጠበች ልጅ ከሴቶቹ ጋር ተቀላቅላ ትሄዳለች። ውሸትም የለበትም፤ ያኔም ውሸት አልነበረበትም። ይህ ሰንኮፍ ሆኖ ወጋት። እጇን አነሣች። ጣቷ ቀጥ አለ።

«ሃይዴ…»

«አና ሊና» አለች የሺ።

ከአንሶላው ቀሚስ ውሃ ይንጠባጠባል። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ወደ መስታወት አላየችም፤ ወደ ደረኩ ነው ያየችው። «ሊና እኔ ነኝ።»

የመስታወት ጣት አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛዋ ቃል አፏ ውስጥ እንዳለች ናት፤ የምትተፋበት ሰው ግን ጠፋ።

* * *

ማዳሟ ከመርሴዲሷ አልወረደችም። መስኮቱን በግማሽ አወረደች፤ ጥቁር መነጽር፣ የጣት ቀለበት፣ የሲጋራ ጢስ። ደረኩ ሁለቱንም ሴቶች በሩ ላይ አቆማቸው። ማዳሟ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፤ ከዚያ ቀለበት ያለው ጣቷ ወደ መስታወት ተቀሰረ።

«ሃይዴ ሊና» አለች። «ሐራሚዬ።» ሌባዋ።

ዓለም ሁሉ በአንድ ደረጃ ላይ ተመልሶ ቆመ። መስታወት እግሯ ሥር የሳሙና ውሃ ያለ መሰላት።

የሺ በመካከላቸው ገባች። ከፌስታሉ መሐረብ አውጥታ፣ ፈትታ፣ አምባሩን በማዳሟ መዳፍ ላይ አኖረች። የወሰድሁት እኔ ነኝ አለች። ይቺ ልጅ ምንም አላደረገችም፤ የእኔን እስራት ነው የታሰረችው፤ ስሟም ሊና አይደለም። ዐረብኛዋ ንጹሕ ነበር፤ አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም፤ ብዙ ጊዜ ብቻዋን የተለማመደችው መሆኑን መስታወት አወቀች። እሷም ሐሙስ ለስልኩ እንዲሁ ነበር የተለማመደችው።

ማዳሟ አምባሩን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ተይታ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ መነጽሯን ሳታወልቅ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ኩለን ሊና።» ሁሉም ሊና ናቸው።

ደረኩ ከቦቱ ውሃ እየደፋ ይህን ሰማ። ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ምናልባት የማዳሟ ነገር አላማረውም፣ ምናልባት ሥራውን ማሟላት ፈለገ፤ ወደ መስታወት ዞሮ ስሟን ጠየቃት።

«መስታወት።»

እንደገና እንድትለው አደረገ። ለመድገም ሞከረ፤ ሁለተኛው ፊደል ላይ ተሰነካከለ፤ ተወው። ወረቀት አልጠየቃትም። ወደ አውቶቡሱ በእጁ ብትን አደረገና ያላ፣ ሂዱ አለ። የሺን ግን በአፏ አምናለችና መኽፈር፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ትሄዳለች። ማዳሟ ወንበሩ እንዳይረጥብ ከኋላ ጋዜጣ አስነጠፈች። የሺ በጋዜጣው ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሲዞር አልተመለከተችም፤ ጸሎት ላይ ይሁን ብርድ ላይ አንገቷ ተደፍቶ ነበር።

በቀሏ ተፈጽሟል። ሦስት ዓመት ያለመችው ይህንኑ ነው፤ የሺ በደረክ እጅ፣ ተዋርዳ፣ ተንቀጥቅጣ። መስታወት የድሉን ጣዕም በአፏ ፈለገችው። የባሕር ጨው ብቻ ነበር።

ወደ አሸዋው ወረደች። እትዬ አበባየሁ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ። «ሞታለች ያልኩት ስህተት ነው እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። መስታወት አላውቅም አለቻቸው። ጌታነህ ቴፑን አነሣ፤ ቀዩ ቁልፍ እስካሁን እንደ ተጫነ ነው፤ ካሴቱ ግን ጫፉ ላይ ደርሶ ቆሟል። አውጥቶ ሰጣት።

«ለቤተሰብሽ ላኪው» አለ። «ከራሷ አፍ ይስሙት።»

እናቷ አለች፤ የማርያም አለቃ አለ፤ ቁልፉ አሁን በሌላ ሰው አንገት ላይ ነው። መስታወት ካሴቱን ከአባቷ ካሴት ጎን ልታስገባ ስትል እጇ ቆመ። ቴፑ አልጠፋም ነበር። የየሺ ኑዛዜ እዚህ ላይ አለ፤ ከኑዛዜው በኋላ የሚመጣውም አለ። «እኔ የመጣሁት ላስይዝሽ ነው።» ከዚያ የእሙሽ ድምፅ። ከዚያ የእሷ ዝምታ። እናቷ ሁሉንም በአንድ ፊት ላይ ትሰማዋለች፤ ነፃ የሚያወጣትንም፣ የሚይዛትንም።

ሰማያዊው ፌስታል መንገዱ ዳር፣ የሺ አምባሩን ያወጣችበት ቦታ ላይ ቀርቶ ነበር። በውስጡ ደረቅ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ፎጣ። መስታወት ሹራቡን አወጣች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ አጠፈችው፣ መልሳ ከተተችው።

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ቃል አልተናገራትም፤ ቦታም አልነሷት። መኽፈሩ ከሸክላ መሸጫው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ባንዲራ ያለበት ነጭ ቤት። እዚያ ሲደርሱ መስታወት ሾፌሩን አቁም አለችው።

«ወረቀት የለሽም» አለች እሙሽ። ከጠዋቱ ወዲህ ያናገረቻት ይህን ነው።

«ታስራ ልያት ነው። ይቺን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄያታለሁ።»

እሙሽ ወደ ፌስታሉ አየች፤ በሥርዓት የታጠፈው ሹራብ በላስቲኩ ይታያል።

«ጠላቱን ታስሮ ሊያይ የሚሄድ ሰው ሹራብ አጥፎ ነው እንዴ?»

መስታወት ወረደች። ዐሥራ አንድ ወር። በገባች ቀን ልብሷ በሳሙና ውሃ እንደ ረጠበ ነበር፤ በላይዋ ላይ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ፈጀበት። በየቀኑ በር በተንኳኳ ቁጥር አንድ ሰው ደረቅ ልብስ ይዞ የመጣ ይመስላት ነበር። ከዚያ መምሰሉን ተወ።

አውቶቡሱ ከኋላዋ አልተነሣም። ሞተሩ ጠፋ። ሲጠብቋት ሰማች።

በመኽፈሩ መስኮት አንድ ወጣት ደረክ ሻይ ይጠጣል። ማንን ፈልገሽ ነው አላት።

«የሺን» አለች። «የሺ አባመጫን።»

ደረኩ ፊቱ ያለውን መዝገብ በጣቱ ወደ ታች ተከተለ። በዚህ ስም ማንም የለም። አሁን የገባች አንዲት ሐበሻ አለች፣ የረጠበች፣ ሊና የምትባል። እሷን ነው?

መስታወት ሦስት ዓመት አፏ ውስጥ የኖረችውን ያቺን «ሃይዴ ሊና» ዋጠቻት።

«ሊና ማተት» አለችው፤ ፌስታሉንም በመስኮቱ አሳለፈች። «ይህን ለየሺ።»